ብሎካችን የዘመመበት ሳምንት

ሰው ሰባ አራት ዓመት ከሞላው በኋላ ሶፋ ላይ ከመቀመጡ በፊት አይቶ መቀመጥ አለበት። እኔም አምንበታለሁ። ችግሩ፣ የማየው በመነጽር ነው፤ የተቀመጥኩት ደግሞ መነጽሬ ላይ ነው።

ቋ ሲል መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጉልበቴን ነበር። በዚህ ዕድሜ ሶፋ አካባቢ ለሚሰማ ድምፅ ሁሉ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጉልበት ነው። ዳበስኩት፤ ደህና ነው። ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ባለቤቴ ዘነበች ከወጥ ቤት ብቅ እስክትል ድረስ ነው።

"ምን ላይ ነው የተቀመጥከው?"

"መነጽሬ ላይ።"

"አድርገኸው ነበር ወይስ አውልቀኸው?"

ዘነበች እንዲህ ናት። አርባ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን ጮኻብኝ አታውቅም፤ ጥያቄ ነው የምትጠይቀኝ።

ፍሬሙ አልተሰበረም። የግራው መስታወት ብቻ ወልቆ፣ ተንከባሎ ቡፌው ሥር ገብቷል። የግራው መሆኑ ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው በግራ ዓይኔ ነው። ቀኙ ለፊቴ ማሟያ ነው የተቀመጠው። ዘነበች "መነጽር ቤት ውሰደው። ተክለ ሃይማኖት እኮ ቅርብ ነው፣ በእግርህ ትደርሳለህ" አለችኝ። ይህን ባትለኝ ኖሮ ልወስደው አስቤ ነበር። ባል ሊያደርገው ያሰበውን ነገር ሚስት ቀድማ ካዘዘችው፣ ነገሩ ከዚያ ወዲያ መልካም ሐሳብ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ከመሳቢያው ሱፐር ግሉ አወጣሁ።

መስታወቱ ክብ ነው፤ ፍሬሙም ክብ ነው። ክብ ነገር ደግሞ ራሱ የትኛው፣ እግሩ የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ገፋ አደረግሁት፤ ገባ። ዳር ዳሩን በሙጫው ቀባሁት። ሁለት ጣቶቼ ለጥቂት ጊዜ ከመነጽሩ ጋር አብረው ቢቆዩም በሙቅ ውኃ ተለያየን። አድርጌው መስታወት ፊት ቆምኩ። ከወትሮው ትንሽ ጎበጥ ብዬ ታየሁ፤ ግን በየዓመቱ ትንሽ ጎበጥ ማለቱን ለምጄዋለሁ።

"ምን ይመስላል?" አልኳት።

"አንተን ይመስላል" አለችና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ከመውረዴ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የብሎካችን ሰው የሚጠራኝ "ኢንጂነር" እያለ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት በቅየሳ ሥራ አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ይህ እውነት ነው። እውነቱ ግን ትንሽ ጅራት አለው፤ ጅራቱን ለብሎኩ ሰው አሳይቼ አላውቅም። በቅየሳ ሥራ ሁለት ሰው አለ። አንዱ በባለ ሦስት እግሩ መሣሪያ አጮልቆ ያያል፤ ሌላው ሩቅ ሄዶ ዘንግ ይዞ ይቆማል። እኔ በዘንጉ በኩል ነበርኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በቃ ቁም" እየተባልኩ ነው የኖርኩት። ቀጥ ብዬ መቆሜን እንኳ ሌላ ሰው ካልነገረኝ አላውቅም ነበር። ታዲያ ወደዚህ ብሎክ ስንገባ አንዱ "ሥራዎ ምን ነበር?" ሲለኝ "ቅየሳ" አልኩት። አልዋሸሁም። የቀረውን እሱ ጨመረበት፤ እኔ ደግሞ ሰው በፍቅር የሰጠኝን አልመልስም።

ዕለቱ ሰኞ ነው። ወረድኩ። ሐጂ ሸምሱ ምድር ላይ ካለው ሱቃቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ሰላም ብያቸው አስፋልቱን ተሻገርኩና ዘነበች ጋቢዬን በረንዳ ላይ አስጥታው እንደሆነ ለማየት ዘወር አልኩ።

ብሎካችን ዘሟል።

ወደ ልደታ ማርያም በኩል ነው የዘመመው። የሰካራም አዘማመም አልነበረም፤ አጠገቡ ላለ ሰው አንድ ነገር ሊያንሾካሹክ ጠጋ እንዳለ ጨዋ ሰው ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩት። አሁንም ዘሟል። ኢንጂነር አይቸኩልም፤ ዙሪያ ገባውን መረመርኩ። የመብራት ምሰሶው ዘሟል፤ ነገር ግን በእኛ ሠፈር የሚያስደነግጠው የመብራት ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቢታይ ነው። ሐጂ ሸምሱም ዘመም ብለዋል፤ እሳቸው ግን ወገባቸውን ያማቸዋል። የማርያም ጉልላትም ጋደል ያለ መሰለኝ፤ እሱን አማትቤ አለፍኩት። ቤተ ክርስቲያን ዘመመች ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው እኔ አይደለሁም። ይህን ሁሉ ስቀንስ የቀረው ብሎኩ ብቻ ነው።

"ሐጂ፣ አንዴ ይምጡ።"

"ምነው ኢንጂነር፣ ሱቅ ክፍት ነው እኮ።"

"ይምጡና ብሎኩን ይዩልኝ። እኔ ምንም አልልም።"

ተሻገሩና አዩ። "አየሁት" አሉ። "ቀለም ያስፈልገዋል።"

"ቀለሙን አይደለም። አቋሙን።"

"አቋሙ ምን ሆነ? ቆሟል።"

"ዘሟል።"

ሐጂ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ደግመው አዩ። "ለእኔ ምንም አልታየኝም" አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ወግ እዚሁ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ትከሻቸውን ይዤ "ወደ ግራ... ወደ ግራ... ትንሽ ወደ ቀኝ... በቃ ይቁሙ" አልኳቸው። ይህን ቃል በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው መናገሬ ነው። ደስታውን አልደብቃችሁም። "አሁን አንገትዎን ጋደል ያድርጉና የሕንፃውን ጠርዝ ያስተውሉት።"

አንገታቸውን ጋደል አደረጉ። ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተመልሰው ሄደው ሬዲዮኑን ዘጉት።

"ላ ኢላሀ ኢለላህ" አሉ። "አሁን አየሁት።"

"ለማንም እንዳይነግሩ።"

"ለማን እነግራለሁ ብለው ነው።"

ብሎካችን ሊፍት የለውም። ሲሚንቶ የተሸከመም ሆነ ሙሽራ የያዘ ሰው በየፎቁ እያረፈ ነው የሚወጣው። ሳያርፍ የሚወጣ ነገር ቢኖር ምስጢር ነው። እኔ ሁለቴ አርፌ ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ጎረቤቴ ጽጌ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ጋሼ፣ በየት በኩል ነው የሚወድቀው?"

ጽጌን ላስተዋውቃችሁ፤ የነገሩ ሁሉ ክብደት ያረፈው እሷ ላይ ነውና። በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። ባሏ በየነ ወንድሜ ማለት ነበር። ሊያርፍ ሲል እጄን ይዞ "ሜሮንን ሊጠይቋት ሲመጡ አባቷ አንተ ነህ" አለኝ። ሜሮን አንድ ልጁ ናት፤ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ዳዊት ከሚባል ልጅ ጋር ከተዋደዱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ጽጌ "ቆዩ እስቲ" እያለች አቆይታቸው፣ በመጨረሻ እሺ ብላ፣ የልጁ ሽማግሌዎች በዚያው ሳምንት እሁድ ጠዋት ሊመጡ ተቀጥሯል። እኔም አባት ሆኜ ልቀበላቸው ነው። ለዚህ ነው ሰኞ ዕለት ብሎኩን ማዝመሜ ጥሩ ጊዜ ያልነበረው።

በነጋታው የብሎኩ ሰው በሙሉ አስፋልቱን ተሻግሮ አንገቱን ጋደል አድርጎ ቆሟል። ዓይን ያያል ልብ ይፈርዳል ይባላል። በእኛ ብሎክ ግን ልብ አስቀድሞ ፈርዶ፣ ዓይንን የጠራው ለምስክርነት ብቻ ነው። ዘሟል አልዘመመም ብሎ የተከራከረ ሰው አልሰማሁም። ክርክሩ ወደየት በኩል ነው የሚለው ነበር። አንዱ ወገን ወደ ማርያም ነው አለ። ሌላው ወደ ባቡሩ ሐዲድ ነው አለ። አራተኛ ፎቅ ያሉት ደግሞ ወደ ፊት ነው ብለው በረንዳቸው ላይ መውጣት ተዉ። ሰዎች በስልካቸው ፎቶ እያነሱ በብሎካችን ቴሌግራም ላይ ለቀቁት። ስልኩን የያዘው እጅ ከአንገቱ ጋር አብሮ ጋደል ስለሚል በፎቶው ላይ ሕንፃው የባሰ ዘሟል። "ይኸው ካሜራ አይዋሽም" ተባለ።

ከዚያ የድሮ ነገር ሁሉ ትርጉም አገኘ። ሐጂ የሱቃቸው በር ለምን አልዘጋ እንደሚል ገባቸው፤ ከገቡ ጀምሮ አልዘጋ ብሏቸው ነበር። አራተኛ ፎቅ ያለ አንድ ጎረቤታችን ጠጅ ቀምሶ ሲመጣ ደረጃው ላይ ይወድቃል። ሚስቱ ስትሰድበው ነው የኖረችው። ማክሰኞ ዕለት በጎረቤቶቹ ፊት ቆሞ "ለካ እኔ አይደለሁም" አለ። ሚስቱ አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀችው። ያን ዕለት በደስታ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

ረቡዕ ዕለት የሎሚ ምርመራ ተጀመረ። ሎሚ ወለል ላይ ይደረግና ወደየት እንደሚሄድ ይታያል። ጽጌ ቤት ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። ከሥሯ ባለው ቤት ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ። እኛ ቤት ባለበት ቆመ። ከሁሉም ይልቅ ሰውን ያስፈራው የቆመው ሎሚ ነው። ሐሙስ ዕለት ሰው ሁሉ ሕንፃውን ለማመጣጠን ብሎ ዕቃውን ማጓጓዝ ጀመረ። ወደ ማርያም የሚሉት ቁምሳጥንና ፍሪጅ ወደ ባቡሩ በኩል ገፉ፤ ወደ ባቡሩ የሚሉት ወደ ማርያም በኩል ገፉ። ቀኑን ሙሉ ከላይም ከታችም ግርርር ሲል ዋለ። እኔ በየደረጃው "ኢንጂነር፣ ቡፌውስ?" እየተባልኩ፣ አገጬን ይዤ "ቡፌው ይጠጋ" እያልኩ አለፍኩ። የደረጃውን ግድግዳ በአንድ እጁ ሳይዝ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

ዘነበች ብቻ ነች ምንም ያልገፋችው።

"አንቺ አይታይሽም?" አልኳት።

"ድስቱ ውስጥ ያለው ወጥ ከአፉ እኩል ነው" አለች። "ቤቱ ከዘመመ ወጡ በአንድ በኩል አይሸሽም?"

"ወጥ የኢንጂነሪንግ ማስረጃ አይሆንም።"

"እሺ" አለችና ጨው ጨመረችበት።

ዓርብ ዕለት ሜሮን ከሥራ ስትመለስ በሬን አንኳኳች። ቆማ ነው ያናገረችኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ምንም አልታየኝም።"

"ቀጥ ብለሽ ስለምታዪ ነው።"

"ይሁን። ዋናው ሽማግሌ የዳዊት አጎት ናቸው፤ ጋሽ ታፈሰ ይባላሉ። ነገር የሚያጣሩ ሰው ናቸው። ሰበብ ካገኙ ይመለሳሉ፤ እማዬ ደግሞ አንዴ ከተመለሱ ዳግመኛ እሺ አትልም። እሁድ ስለ ሕንፃው አንዲት ቃል እንዳትወጣዎት።"

"የማን አባት ነኝ?"

"የእኔ።"

"በቃ። ቃል አይወጣኝም።"

እሁድ ደረሰ። የጽጌ ሳሎን ውስጥ ቁምሳጥኑ፣ ፍሪጁና ቡፌው አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው እንደ ተጣላ ዘመድ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ጠረጴዛው ከሕንፃው ጋር አብሮ እንዳይዘም ብዬ በሁለት እግሮቹ ሥር የብስኩት ካርቶን አጥፌ አስገብቻለሁ። በልጅቷ ወገን እኔ፣ ዘነበች፣ ሐጂ ሸምሱና የጽጌ ሁለት እህቶች ተቀምጠናል።

ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ጋሽ ታፈሰ አጠር ያሉ፣ እጃቸው እንደ አካፋ የሰፋ ሰው ናቸው። ሦስቱም ቆሙ።

"ተቀመጡ እንጂ" አልኩ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ታፈሰ።

ይህ ደንብ ነው። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ቆሞ ነው የሚናገረው። እኔ ራሴ በሰው ሳሎን ስንት ጊዜ እንዲህ ቆሜ ተናግሬያለሁ። ያን ሳምንት ግን ደንቡ ከሁላችንም ጭንቅላት ተጠራርጎ ወጥቷል። ጽጌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "አወቁ" አለችኝ።

ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞራ፣ "ሶፋው አይንሸራተትም" አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

"ጠንካራ ሶፋ ነው ለማለት ነው" አልኩ እኔ።

በዚህ መካከል ጠረጴዛው ላይ ለጋሽ ታፈሰ የቀረበው ብርጭቆ ከነለስላሳው ጉዞ ጀመረ። በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ እያለ ጠረጴዛውን አቋርጦ ጫፍ ደረሰ። ጋሽ ታፈሰ ጎንበስ ብለው ያዙት። ብርጭቆውን ይዘው ቆሙና ዙሪያችንን ተመለከቱ፤ ጽጌን፣ እህቶቿን፣ ሐጂን፣ እኔን። አንድ ባንድ ነበር። ከዚያ "አባት እርስዎ ነዎት? አንዴ" ብለው ወደ በሩ ጠሩኝ።

"አይቀየሙኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከጋብቻ በፊት ዘር ማጣራት የአባቶች ወግ ነው።"

"ልክ ነው።"

"ይሄ አንገት በእናት በኩል ነው በአባት?"

ዘወር ብዬ አየሁ። ሁሉም አንገታቸውን ወደ ግራ ጋደል አድርገው ተቀምጠዋል። አምስት ቀን ብሎክ ሲያዩ የከረሙበት አንገት እዚያው ቀርቷል። የኔም እንደዚያው ነበር። ዘነበች ብቻ እንደ ሻማ ቀጥ ብላለች።

"ልጅቷስ አሁን ይታይባታል" አሉ፣ "ወይስ ዕድሜ ሲገፋ ነው የሚመጣው?"

ከኋላቸው ያሉት ሁለቱ ሽማግሌዎች ሊሄዱ ኮፍያቸውን ደፍተዋል። ሜሮን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ትሪ እንደያዘች ቆማለች። ለእሷ የገባሁላት ቃል አፌን ያዘኝ፤ ለበየነ የገባሁለት ቃል ደግሞ ወደ ፊት ገፋኝ። ዝም ካልኩ ልጅቷ በዘር በሽታ ተጠርጥራ ትቀራለች። የሞተ አባት ከገፋ ደግሞ መልሶ አይገፈተርም።

"አንገታችን ደህና ነው" አልኩ። "የዘመመው ሕንፃው ነው።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ ደረጃው ራመድ አሉ። ጋሽ ታፈሰ ግን ዓይናቸው በራ።

"የትኛው ሕንፃ? ይሄ?" አሉ። "እኔ እኮ አርባ ዓመት ግንበኛ ነበርኩ። እስቲ ክርና ከበድ ያለ ነገር ስጡኝ።"

ዘነበች ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰው ይህን እስኪጠይቅ ስትጠብቅ የከረመች ይመስል፣ የልብስ መስፊያ ክርና አንድ ጓጉንቸር ወዲያው አመጣች። ጋሽ ታፈሰ ጓጉንቸሩን በክሩ አስረው ከበሩ መቃን አናት ላይ ለቀቁት። ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ።

"ይኸው" አሉ። "በክሩና በመቃኑ መካከል ከላይ ሁለት ጣት፣ ከታችም ሁለት ጣት። ከዚህ በላይ ቀጥ ያለ ቤት አልሠራሁም።"

ጠጋ ብዬ አየሁ። "ክሩም ዘሟል" አልኩ።

"ክር አይዘምም።"

"ለእኔ ግን ዘሞ ነው የሚታየኝ።"

"ጌታው፣ ይሄን የያዘው እኔ አይደለሁም፤ መሬት ናት ወደ ራሷ የምትስበው" አሉና ፊቴን ቆም ብለው አዩት። የግራ መስታወቴ ዙሪያ የደረቀውን ሙጫ ነው የሚያዩት። "መነጽርዎን እስቲ ያውርዱት።"

አወረድኩት። ሁሉ ነገር ደመና ሆነ። ደመናው ግን ቀጥ ያለ ደመና ነበር። አደረግሁት፤ ክሩ ዘመመ። አወለቅሁት፤ ክሩ ቀና። ብሎኩ እንዲህ በእጄ ላይ ሦስት ጊዜ ወድቆ ሦስት ጊዜ ተነሣ።

ጋሽ ታፈሰ ገብቷቸዋል። ጨዋ ሰው ናቸውና ክሩን የሚጠቀልሉ መስለው ፊታቸውን ዞር አደረጉ። ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ሁለቱ ሽማግሌዎች ደረጃው ላይ ናቸው፤ ሜሮን ትሪዋን አልጣለችም።

ወደ ሳሎኑ መካከል ገባሁና ቆሜ ተናገርኩ። "ወገኖቼ፣ ብሎኩ አልዘመመም። ሰኞ ዕለት መነጽሬ ላይ ተቀመጥኩበት፤ የወለቀውን መስታወት ራሴ አዙሬ ገጠምኩት። የዘመመው እሱ ነው። ደግሞ እንድታውቁት ያህል፣ ኢንጂነርም አይደለሁም። ዘንግ ያዥ ነበርኩ።"

ቤቱ ሁሉ ከእግሬ ሥር ሲለቀኝ ተሰማኝ፤ በዚህ ዕድሜ ክብር የሚባለው ነገር እንደ ጥርስ ነው፤ ከወለቀ አይበቅልም። ሐጂ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ኢንጂነር" አሉ፣ "እርስዎ ትሑት ሰው ነዎት።"

"ሐጂ፣ እውነቴን ነው።"

"እኔ መነጽር የለኝም፤ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።"

ጽጌ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። "እኛን ለማረጋጋት ብለው ራሳቸውን ሲያዋርዱ እዩዋቸው" አለች። "ሎሚውስ ጋሼ? ሎሚውም መነጽር አድርጎ ነው?"

"ዘንግ ያዥ እንደነበረ እኔም አውቃለሁ" አለች ዘነበች።

"እሷም ትሑት ናት" አለች የጽጌ ታናሽ እህት።

ይኸውላችሁ። የሌለ ነገር ለማሳየት የፈጀብኝ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ትከሻ ይዞ "ወደ ግራ" ማለት ብቻ። አለመኖሩን ለማሳየት ግን ክር ቀረበ፣ ጓጉንቸር ቀረበ፣ ስሜ ቀረበ፤ ያመነኝ የለም።

ጋሽ ታፈሰ ጆሮዬ ሥር መጡ። "አይልፉ" አሉኝ። "ቤቴ ዘመመ ያለ ሰው በክር አምኖ አያውቅም። እኔ ልሥራው።"

ኮታቸውን አውልቀው ለጽጌ ሰጡ። ከጠረጴዛው እግር ሥር የብስኩት ካርቶኑን አወጡ፤ ጠረጴዛውም ያን ጊዜ ተደላደለ። ካርቶኑን አራት ጊዜ አጠፉትና ከበሩ አጠገብ ባለው የግድግዳ ጥግ፣ ግድግዳውና ወለሉ በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ሰኩት። ግድግዳውን በዚያ ሰፊ መዳፋቸው ሦስት ጊዜ መቱ። ጆሯቸውን ለጥፈው አዳመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግመው አንድ ጊዜ፣ በጓጉንቸሩ፣ ቀስ ብለው ነካ አደረጉት።

"በሉ" አሉ እጃቸውን እያራገፉ። "አንገታችሁን አቅኑና እዩ።"

ሁሉም አንገቱን አቀናና አየ።

"ተስተካከለ" አሉ ሐጂ ሸምሱ።

"ወለሉ ሲንቀሳቀስ እግሬ ሥር ተሰማኝ" አለች የጽጌ ታላቅ እህት።

ጽጌ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አልሄደም። ደረጃው ላይ የነበሩት ሁለቱ ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አውልቀው ተመልሰው ገቡና ከጋሽ ታፈሰ ጎን ቆሙ።

"እንግዲህ ጉዳያችን" አሉ ጋሽ ታፈሰ ላባቸውን ጠርገው፣ "ልጃችንን ልጅ አድርጋችሁ እንድትቀበሉን፣ ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ነው።"

መልሴን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ያለ መነጽሬ ላነበው አልቻልኩም፤ በመነጽሩ ደግሞ ላምነው አልቻልኩም። ደንቡ "ከዘመድ ተመካክረን እንመልሳለን" ማለት ነው። ወደ ወጥ ቤቱ በር አየሁ። የሜሮን ፊት አይለይልኝም፤ ነጭ ልብሷ ብቻ ይታየኛል። ያ ነጭ ነገር ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች ሲል አየሁ። በዚያ ሳምንት በትክክል ያየሁት ነገር እሱ ብቻ ነው።

"ሰጥተናል" አልኩ።

ጽጌ ቆነጠጠችኝ፤ ቀጥሎ ግን አለቀሰች፤ ቀጥሎ እልል አለች። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ አልተንሸራተተም። እኔም ልቀመጥ ስል ዘነበች ክንዴን ያዘችኝ።

"እይ" አለችኝ።

መነጽሩን በማግሥቱ ተክለ ሃይማኖት ወሰድኩት፤ በእግሬ። ባለሙያው አገላብጦ አየውና "ማን ነው የገጠመው?" አለኝ። "አንድ የሠፈራችን ሽማግሌ" አልኩት። አዙሮ ሠራልኝ። አሁን ብሎኩ ቀጥ ብሎ ይታየኛል፤ የመብራት ምሰሶው ግን እውነትም ዘሞ ኖሯል። የብሎካችን ሰው አሁንም "ኢንጂነር" ይለኛል፤ ከበፊቱ ይልቅ በአክብሮት። ደረጃው ላይ የሚወድቀው ጎረቤታችንም አሁንም ይወድቃል፤ ሚስቱ ስድቧን ካቆመችበት ቀጥላለች።

ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ጽጌ ቤት የድግሱን ዝግጅት ልናይ ገባን። ሜሮን ሳሎኑን እየጠረገች ነበር። መጥረጊያዋ ከበሩ አጠገብ ያለው ጥግ ደረሰና አራት ጊዜ የታጠፈችውን የብስኩት ካርቶን ነካ አደረጋት። ካርቶኗ አቧራ ጠግባለች፤ አንደኛው ጫፏ ብቅ ብሏል።

"እሷን ተያት ልጄ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ..."

"አውቃለሁ" አልኳት። "ተያት።"

ካርቶኗን አየች። ግድግዳውን አየች። ከዚያ ዙሪያዋን ጠርጋ አለፈች።